መኪናዋ የጾመችበት ዓመት

ባሌ ብዙነህ በዚህ ዓለም ሁለት ነገር ይፈራል፤ እግዚአብሔርንና የንስሐ አባቱን መምሬ አካሉን። ከሁለቱ የቱን አብልጦ እንደሚፈራ እሱም አያውቀው። ትንሽ እኔንም ቢፈራ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

መካነ ሰላም ገበያው ዳር፣ የዘይነባ ሱቅ በረንዳ ላይ ልብስ ይሰፋል። ይሰፋል ይባላል እንጂ ግማሹን ቀን የሚውለው ከስፌት መኪናዋ ጋር ሲጣላ ነው። መኪናዋን አባቱ ጣልያን በወጣ ማግስት ደሴ ላይ ከአንድ የመናዊ ልብስ ሰፊ ገዟት። ያን ጊዜም አሮጊት ነበረች አሉ። እኔ ሙሽራ ሆኜ ስገባ አንድ እግሯ ተሰብሮ በወይራ ጉማጅ ታስሯል፣ መርገጫዋ ተሰንጥቆ በሽቦ ተጠፍሯል፣ መዘውሯን የሚያዞረው ጠፍር አልቆ ከበሬ ቆዳ የተቆረጠ ተተክቷል። የበሬ ቆዳ ደግሞ ክረምት ይረዝማል፣ በጋ ያጥራል። ክረምት ስናሳጥር በጋ ስንቀጥል ዐሥራ ሦስት ዓመት ኖርን።

መርፌ ሲዶለዱም አይጣልም፤ በድንጋይ እስለዋለሁ። የታችኛውን ክር ወጥራ የምትይዘው ምላስ የምታህል ብረት ስትሰበር ከሳርዲን ጣሳ ቆርጬ ሌላ አበጀሁላት። ብዙነህ መስፋት ይችላል፣ አልዋሽም፤ ስፌቱ ቀጥ ያለ ነው። የመኪናዋን ሆድ ዕቃ ግን አያውቀውም። ስትታመም ያማትብባታል። ካቻቢቴ ይዤ ከሥሯ የምጋደመው እኔ ነኝ፤ ሰው ሲመጣ ካቻቢቴውን ከእጄ ተቀብሎ እሱ ይይዘዋል። «ሚስቱ መኪና ትፈታለታለች እንዳይሉኝ» ይላል። እኔም ለባል ክብር ብዬ አንድም ቀን አፌን አልከፈትኩም፤ እዚያ ላይ ነው የተሳሳትኩት።

ትልቁ ጣጣ ዘይቷ ነበር። የመኪና ዘይት ደሴ እንጂ እኛ ዘንድ አይገኝም፤ ደሴም ቢገኝ ለእኛ ዓይነቱ አይደለም። ስለዚህ በቅቤ ነበር የምትኖረው። ቅቤውን ጨውም ቅመምም ሳላስነካ አንጥሬ በትንሽ ቀንድ አስቀምጣለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በላምባ አጥቤ በዶሮ ላባ እቀባታለሁ። ከብዙነህ ዘንድ ሱሪ ያሰፋ ሰው ውሻ ይከተለዋል እያሉ ያሾፉብን ነበር። ይከተለዋል፣ እውነታቸውን ነው። መኪናዋ ግን ትሄድ ነበር። በስድሳ ስድስት፣ ቅቤ እንደ መድኃኒት በጠፋበት ዓመት፣ የእኔ ጸጉር እንደ ገለባ ደርቆ እሷ ትቀባ ነበር። ጎረቤት ጉድ አለኝ፤ ይበል።

ያን ዓመት ዝናቡ ቆላውን ጨርሶ ከዳው፣ ደጋውንም ሲያታልል ከረመ። ከበሽሎና ከአባይ በረሃ አፋፍ ሰው እየተነሳ ወደ ከተማ ወጣ፤ ከከተማው ጥግ የተሠራው መጠለያ በሳምንት ሞላ። ሰው የለበሰውን አውልቆ እየሸጠ ማን አዲስ ያሰፋል? በረንዳው ላይ ተቀምጠን ዝንብ ስናባርር ዋልን። ከቤት የቀረን እንቅብ የማይሞላ ገብስና አንዲት ልጃችን አልታዬ ነበሩ። ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው።

በዚህ መሀል የብዙነህ የአጎት ልጅ የዓለምዘርፍ የታመመች እናቷን ልትጠይቅ ከደሴ መጣች። ቤታችን ገብታ እንቅቡን አየች፣ ልጄን አየች፣ እንደገና እንቅቡን አየች።

«አልታዬ እኔ ጋ ትሁን» አለች። «በልታ ታድራለች። ትምህርት ቤትም አስገባታለሁ።»

በልታ ታድራለች የሚለውን እኔ አውቀዋለሁ። ከጎረቤታችን እንዲሁ በልታ ትደር ተብላ የሄደች ልጅ ነበረች፤ አራት ዓመት ሞላት፣ አንድ ቀን ለጥምቀት እንኳ አልመጣችም። የሰው ሕፃን ታዝላለች፣ የሰው ወጥ ትሠራለች ሲሉ ሰማን። ብዙነህ ግን ዝም አለ። የእሱን ዝምታም አውቀዋለሁ፤ ግማሽ እሺታ ነው።

ጾሙ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ከእርዳታ ጽሕፈት ቤቱ ንጉሡ የሚባል ጸሐፊ ሰው አሸክሞ መጣ። ነጭ አቡጀዲ ነው፣ በጣቃ በጣቃ። ለመጠለያው ልጆች ሁለት መቶ እጀ ጠባብ ይሰፋ፣ የእጅ ዋጋው ሁለት ኩንታል ስንዴ ነው አለ። እኔ ስንዴ የሚለውን ስሰማ በረንዳው ላይ ቁጭ አልኩ። ያን ዕለት ማታ ብዙነህን በመድኃኔዓለም አስማልኩት፤ ስንዴው ከመጣ አልታዬ የትም አትሄድም።

«ካልመጣስ?» አለኝ።

«ለምን አይመጣም? አንተ ትሰፋለህ፣ እኔ መኪናዋን እይዛለሁ።»

ማለ። ለየዓለምዘርፍም እርዳታ የጫነው ካሚዮን መጥቶ እስኪመለስ ታገሺን አልናት። እሷም ያለ ካሚዮን መመለሻ የላት፣ እሺ አለች።

ነገሩ ሁሉ መልክ የያዘ መስሎ ነበር። ግን የቅበላ ዕለት መምሬ አካሉ ሰላም ሊሉን በረንዳው ላይ ብቅ አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ በዚያ ዓመት ከቤታቸው መሶብ እያነሱ ለመጠለያው ያካፍሉ እንደነበር አገር ያውቃል። ክፋታቸው አንድ ነው፤ ዓይናቸው የማያየው ነገር የለም። በርጩማ ላይ ተቀምጠው ብዙነህ ክር ሲያስገባ ተመለከቱ። ብዙነህ ክሩን በምላሱ ያረጥብና ነው የሚያስገባው፤ ልብስ ሰፊ ሁሉ እንዲያ ነው።

«ብዙነህ» አሉ፣ «ያ መርፌ በምንድን ነው የሚቀባው?»

«በቅቤ ነው አባቴ።»

«ክሩንስ በምን አረጠብከው?»

ባሌ ያረጠበበትን ምላስ ወደ ውስጥ ሰበሰበ።

«እንግዲህ ቅቤው መርፌውን ይነካል፣ መርፌው ክሩን፣ ክሩ ምላስህን» አሉ መምሬ። «ሁዳዴን ሙሉ ቅቤ ስትልስ ልትከርም ነው ማለት ነው።»

«መምሬ» አልኩ እኔ፣ «ክሩ የሚረጥበው እኮ መርፌው ውስጥ ሳይገባ ነው።»

«ሲበጠስስ? ያው ጫፉ ተመልሶ አፉ ይገባል።»

«በውሃ ያርጥበዋ።»

«ጣቱስ፣ አንቺ አሰጋሽ? በዚያው ጣት እንጀራ አይቆርስበትም?»

ብዙነህ ጣቶቹን አንድ በአንድ ያያቸዋል፤ ዐሥሩም ኃጢአተኛ የሆኑበት መስሏል።

«ኑግ የጾም ነው፣ በኑግ ቅቡት» ብለው ደመደሙ መምሬ።

«የኑግ ዘይት ሲሰነብት ሙጫ ነው መምሬ» አልኩ። «የኑግ ጠርሙስ አፍ አላዩም? ጣት ይዞ ያስቀራል። ብረቱ መሀል ቢገባ መኪናዋን አጣብቆ ያቆማታል።»

«አንቺ ልጅ፣ የሰው ገላ ኑግ በልቶ አምሳ አምስት ቀን ይጾማል። ብረት ነው የሚያቅተው?»

መምሬ ባርከውን ሲሄዱ ብዙነህ የቅቤውን ቀንድ አንስቶ አልጋ ሥር ደበቀው፤ መኪናዋን በላምባ ልጠብ ስለውም «ጾሙ እስኪወጣ እጅሽን አንሺ፣ እጅሽ ራሱ ቅቤ ቅቤ ይላል» አለኝ። ላምባውም ቢሆን ከገበያ እየጠፋ ነበር።

የመጀመሪያው ሳምንት የብዙነህ ሆነ። በኑግ የተቀባችው መኪና እንደ ወጣት ሮጠች። ኮሌታ አልባ ትንንሽ እጀ ጠባብ ይቆለል ጀመር። «አየሽ?» ይለኛል እየረገጠ። «አየሽ አይደል?» ምግብ ሳቀርብለት አየሽ፣ ውሃ ስሰጠው አየሽ። በሁለተኛው ሳምንት መርገጫው ከበደው። ጠፍሩ ላልቷል አለና አጠበቀው፤ የጠበቀው ጠፍር ተበጠሰ። ሌላ ቆረጥኩለት። በሦስተኛው ሳምንት መዘውሯን በእጁ ገፍቶ ማስነሳት ያዘ። ከዚያ ምን አደረገ መሰላችሁ? ጠማት ብሎ ኑግ ጨመረላት። በጨመረላት ቁጥር ትጠነክራለች፣ በጠነከረች ቁጥር ይጨምርላታል። ከሥሯ ገብቼ ሳይ ብረቱ ሁሉ ቡናማ ቅርፊት ለብሷል፤ ጥፍሬ አልገባ አለው።

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» አልኩት። የቀረውን ሳልጨርስ ገብቶታል።

መጋቢት ሁለት ቀን፣ ሰማንያ አምስተኛው እጀ ጠባብ ላይ፣ መርፌዋ ጨርቁ ውስጥ እንደገባች ቀረች። ወደ ላይም ወደ ታችም የለም። ብዙነህ በሁለት እግሩ ቆሞ ረገጠ፤ ሽቦው ተፈታና መርገጫው ለሁለት ተከፈለ።

አሁን ሰው አጥፍቻለሁ ይላል አይደል? እሱ ግን ዓይን ነው አለ። ይህን ሁሉ ስንዴ ሊያገኙ ነው ብለው በልተውብኛል አለ። በማግስቱ ጠበል በጠርሙስ ይዞ መጣ። ነጠላዬን መኪናዋ ላይ ጥዬ በላይዋ ተደፋሁባት።

«ብረት በጠበል ይዝጋል እንጂ አይድንም» አልኩ።

«ጠበሉን ነው የምትንቂው?»

«ጠበሉን አልናቅኩም። አንተን ነው የምንቀው።»

በረንዳው ሙሉ ሰው ሰማ። ጠርሙሱን ይዞ ሄደ። ይህን በማለቴ ያን ዕለት አልተጸጸትኩም፣ ንዴቴ ለጸጸት ቦታ አልነበረውም።

መጋቢት አራት ንጉሡ መጣ። ቆሞ የቆመችውን መኪና አየና አንገቱን ነቀነቀ። እስከ ቅዳሜ ካልሄደች የቀረውን አቡጀዲ ለወግዲው ልብስ ሰፊ እሰጠዋለሁ፣ ልጆቹ ራቁታቸውን ናቸው፣ እኔም አለቃ አለብኝ አለ። ግማሽ ለሠራ ግማሽ ስንዴ የለም ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ ሥራው ሳያልቅ ፍሬ አላወጣም አለኝ። ካሚዮኑም ስንዴውን ጭኖ ደርሶ መጋዘኑ ደጅ ቆሟል፤ የሚመለሰው ከነገ ወዲያ ነው ተባለ፣ ነገ የመጋቢት አቦ ነውና። ብዙነህ ይህን ሁሉ ሰምቶ ቤት ገብቶ ወደ ግድግዳ ዞሮ ተኛ። አልታዬ በሁለታችን መሀል ቆማ አንዴ እኔን አንዴ እሱን ታያለች። የሚወራው ስለ እሷ መሆኑን ማንም አልነገራትም፣ ታውቀዋለች ግን።

ዘይነባ ናት መላ ያመጣችው። ሱቋን ስትዘጋ እጄን ይዛ ወደ ውስጥ ሳበችኝ።

«ነገ አቦ አይደል? ክርስቲያኑ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነው» አለችኝ። «በረንዳ ላይ ብትሠሪ ይወግሩሻል። የእኔ ጓሮ ግቢና ፍቺያት። ማንም አያይሽ።»

«በአቦ ቀን ብረት ልፈታ?»

«ወላሂ አቦን እኔም እወዳቸዋለሁ። ግን እሳቸው አንበሳና ነብር ይዘው በረሃ የኖሩ ሰው ናቸው፣ የልጅሽን ነገር አይረዱሽም? አብሽሪ።»

በማግስቱ ነጭ ለብሼ ተነሳሁ። ብዙነህ ራሱን አሞኛል ብሎ ተኝቷል። ቅዳሴ ልሂድ አልኩት። በዕድሜዬ ለባሌ ዋሽቼው አላውቅም፤ ብነግረው ደግሞ በዓል ሻረች ብሎ ወደ መምሬ እንደሚሮጥ አውቃለሁ። በቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ጥቂት ሄድኩና በጓሮ ዞሬ ዘይነባ ቤት ገባሁ።

መኪናዋን ከእንጨቷ ላይ አንስተን ሁለቱንም ጓሮ አስገባናቸው። ዘይነባ ትልቅ ድስት ሙሉ የአመድ ውሃ አፍልታ ጠበቀችኝ። ላምባ ቢኖር በላምባ ነበር፤ ላምባ የለም። አመድ ግን የማንም ምድጃ አይነሳም፣ ቅባት የሚቆርጥ እንደ እሱ የለም። ብሎኖቹን እየፈታሁ በሰፌድ ላይ በወጡበት ተራ ደረደርኳቸው፤ ያልወጣውን በመዶሻ እያባበልኩ፣ አንዳንዱንም እየተሳደብኩ። ኑጉ እንደ ከረመ ሙጫ ሆኖ ነበር። የፈላው ውሃ ውስጥ ሲገባ ቀስ በቀስ እየለሰለሰ በቁራጭ ቁራጭ ተላጠ። እጄም አብሮ ተላጠ። ዘይነባ ቅባት አምጥታ ልትቀባኝ ስትል ሳቄ መጣ፤ መምሬ አካሉ እጄን ቢያዩኝ ይህም ቅቤ ነው ሊሉኝ ነው።

ብረቱ ነጭ ሆኖ ወጣ። አሁን በምን ልቀባው? ቅቤ ብቀባት ብዙነህ አይነካትም። ኑግ ብቀባት እኔ አልነካትም። ነጠላዬን ተከናንቤ መጋዘኑ ደጅ ካሚዮኑ ጋ ሄድኩ። መለሰ የሚባለው ሾፌር ከጎማው ጥላ ሥር ተቀምጦ ጢሙን ይላጫል። የሞተር ዘይት ትንሽ ቢሰጠኝ ለመንኩት። ከጣሳ ንጹሑን በሻይ ብርጭቆ ሞልቶ ሰጠኝ።

«ይህ ለጾም ይሆናል?» አልኩት።

«እስካሁን የበላው ሰው አላየሁም» አለ እየሳቀ።

ከቅቤም ከኑግም ያልሆነ ነገር በዚህች ምድር ላይ እንዳለ ለምን ቀደም ብሎ አልታየኝም ብዬ በራሴም ተናደድኩ። ተመልሼ እየቀባሁ ገጠምኳት። አንድ ብሎን ተረፈኝ። የትም ብሞክረው ቦታ የለውም፤ ዐሥራ ሦስት ዓመት የት ተቀምጦ እንደነበር እግዜር ይወቅ። መርገጫውን በአዲስ ሽቦ ጠፍሬ፣ መኪናዋን ከእንጨቷ ላይ መልሼ፣ እግሬን መርገጫው ላይ አሳረፍኩ።

ሄደች። እንደዚያ ስትሄድ በትዳሬ ዘመን ሰምቻት አላውቅም፤ ድምፅዋ ራሱ ቀለለ። ዘይነባ አልሐምዱሊላህ ብላ እልል ልትል አፏን ከፍታ፣ በዓል መሆኑን አስታወሰችና በእጇ ያዘችው። መጀመሪያ የሰፋሁባት ጨርቅ ጥቁር ሆነች፤ ዘይቱ እየተረጨ ነው። ይህ ነጭ አቡጀዲ ላይ ቢንጠባጠብ ጉዴ ነው። ስለዚህ ዘይቱ እስኪጠራ ብዬ በእራፊ ላይ እየሰፋሁ ቆየሁ። ብዙነህ ፊት ስቀርብ አንዲት ነጥብ እንኳ እንዳያገኝብኝ ፈልጌ ነበር። ሌላ እራፊ፣ ሌላ እራፊ።

እንዲያ ስረግጥ በሱቁ ደጅ ካሚዮኑ እያጓራ አለፈ። የገበያውን ኩርባ ሲይዝ ቀስ ብሎ ጥሩምባውን ነፋ።

«ነገ አልነበር የሚሄደው?» አለች ዘይነባ።

«ይሂድ» አልኳት። «ዘይቱን ሰጥቶኛል።» እግሬንም ከመርገጫው አላነሳሁም።

የመጨረሻዋ እራፊ ንጹሕ ወጣች። እሷን በእጄ ጨብጬ እየሮጥኩ ወደ ቤት ሄድኩ። ለብዙነህ የምለውን ሁሉ በመንገድ አሰናድቻለሁ። መጀመሪያ «አየህ?» ልለው ነበር።

ብዙነህ ከመደቡ ላይ ተቀምጧል። ባርኔጣውን በጉልበቱ ይዞታል።

«የት ነበርሽ?» አለ።

«ቅዳሴ።»

«አቦ ድረስ ሄጄ ፈለግኩሽ። በሴቶቹ በር ቆሜ አስጠራሁሽ። ሰው ልኬ ጠበሉ ጋም አስፈለግኩሽ።»

ያን ጊዜ ነው አልታዬን በዓይኔ መፈለግ የጀመርኩት። ቤታችን ትልቅ አይደለም፣ አንድ ዞር ማለት ይበቃል። ቀሚሷ ከተሰቀለበት የለም።

«ደሴ ሰው አድማ መቷል፣ መንገድ ሳይዘጋ ዛሬውኑ ተመለስ የሚል መልእክት ለሾፌሩ መጣ» አለ ብዙነህ። «የዓለምዘርፍም ከዚህ በኋላ ካሚዮን መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም፣ ከሰጣችሁኝ አሁን ስጡኝ አለች። መኪናዋ ሞታለች። ስንዴው ላይመጣ ነው። አንቺን ፈልጌ አጣሁሽ፣ አሰጋሽ። ምን ላድርግ?»

እራፊዋን ጉልበቱ ላይ አኖርኳት። ልብስ ሰፊ ነውና መጀመሪያ ስፌቱን አየ፤ በጣቱ ተከተለው፣ አገላብጦ የታችኛውን ክር አየ። ከዚያ ቀና ብሎ እጄን አየ። ሲገባው ፊቱ ላይ አየሁት፤ እንዲያ ያለ ፊት ሁለተኛ ማየት አልሻም።

ልመታው ነበር የፈለግኩት። ለመምታት ግን እውነተኛ መሆን ያስፈልጋል፤ እኔ ቅዳሴ ሄድኩ ብዬ ወጥቻለሁ። ብነግረው ይጠብቀኝ ነበር። ባልፈራው እነግረው ነበር። ከመንገዱ ወጥቼ ጮህኩ እንጂ ካሚዮን በእግር አይደረስም።

የቀሩትን እጀ ጠባቦች ሰፋናቸው። እሱ ይሰፋል፣ እኔ በጠዋትና በማታ እቀባለሁ፤ ብሎን ይላላል፣ አጠብቃለሁ። ሰው ሲመጣ ካቻቢቴውን ከእጄ መቀበል ትቷል። ንጉሡ ቅዳሜ መጥቶ ስትሄድ ሲያይ ጨርቁን ተወልን፤ ሆሳዕና ሳይደርስ ሁለት መቶው ሞላ፣ ሁለት ኩንታል ስንዴም ቤታችን ገባ። መምሬ አካሉ ሊጠይቁን መጥተው፣ ስንዴውን ባርከው፣ ስለ አልታዬ አዝነው ተቀመጡ። ሊያጽናኑን ፈልገው ይመስለኛል፣ «ያም ሆኖ ጾማችሁን ጠብቃችኋል» አሉን። ብዙነህ ተነስቶ ወጣ። ንስሐ አባቱን ጥሎ ሲወጣ ያን ቀን የመጀመሪያው ነው።

የሕማማት ሰኞ ካሚዮኑ እንደገና መጥቶ ሊመለስ ሆነ። እኔ አንዱን ኩንታል ስንዴ አስጫንኩ፤ ከዚያ በረንዳው ላይ ሄጄ መኪናዋን ከእንጨቷ መፍታት ጀመርኩ። የዓለምዘርፍ ልጄን ከመለሰችልኝ ስንዴውን ትውሰድ። ካልመለሰችልኝ ደሴም በረንዳ አለ፤ ልጄ ባለችበት ከተማ ቁጭ ብዬ እሰፋለሁ።

«መኪናዋን?» አለ ብዙነህ። ከኋላዬ ቆሟል።

«ልጄን ስትሰጣት ጠይቀኸኛል?»

ፈልጌሽ ነበር ሊል ይችል ነበር፤ አላለም። ጎንበስ ብሎ ጠፍሩን ራሱ ፈታ። ጋቢውን አውልቆ መኪናዋን ጠቀለላት፣ በትከሻው ተሸክሞ ካሚዮኑ ላይ ሰቀላት፣ እንዳትመታ ከስንዴው ጆንያ ጋር አስደገፋት። «እኔም ከፋሲካ በኋላ እመጣለሁ» አለ ወደ ታች እያየ። እኔ ወጥቼ ከመኪናዋ አጠገብ ተቀመጥኩ።

ደሴ ስንደርስ መንገዱ በሰው ተጨናንቋል። ተማሪው ይጮኻል፣ ወታደሩ ቆሞ ያያል፣ አንዱ ወረቀት ይበትናል። ስንዴውን ለጊዜው ካሚዮኑ ላይ ትቼ መኪናዋን ለኩሊ አሸክሜ ነበር፤ ኩሊው መሀል ገብቶ ቀረ። መንግሥት ይውረድ ይላሉ። እኔ ማን እንደሚወርድ ማን እንደሚወጣ አላውቅም፣ መንገድ ልቀቁልኝ እያልኩ በክርኔ ገፋሁ። ከአራዳ በታች የየዓለምዘርፍን ቤት ጠይቄ አገኘሁት። ኩሊው መኪናዋን ከበሩ ደጅ አወረደ። አንኳኳሁ።

የከፈተችው አልታዬ ናት። ጸጉሯን ላጭተዋታል። እጅጌው ከጣቷ ያለፈ የትልቅ ሰው ሹራብ ለብሳ፣ የሰው ሕፃን አዝላለች። እኔን አይታ አላለቀሰችም። ከጋቢው የወጣችውን የመኪናዋን ጫፍ አየች።

«እማዬ፣ ዳነች እንዴ?»

«ዳነች።»

«መቼ?»

ጋቢውን ስቤ የመኪናዋን ጫፍ ሸፈንኩ። እሷ ግን ስትጠብቅ የከረመች ትመስላለች፤ ቃሏን አከታትላ አወጣችው። «አባዬ መኪናዋ ብትድን አትሄጂም ነበር አለኝ። ካሚዮኑ ላይ ሆኜ አቦን ለመንኳቸው። በዘይነባ ደጅ ስናልፍ ድምፅዋን የሰማሁ መሰለኝ እማዬ። አቁሙልኝ አልኳቸው። የዓለምዘርፍ ይቺ ልጅ ቤቷ ናፍቋት ነው አለችና ሳቁብኝ።»

እያየችኝ ትጠብቃለች። የተላጠውን እጄን ነጠላዬ ውስጥ ከተትኩ።

«መስሎሽ ነው» አልኳት። «ከሄድሽ በሳምንቱ ነው የዳነችው። በይ ሕፃኑን ለእናቱ ስጪና ቀሚስሽን አምጪ።»

ገብታ እስክትወጣ መኪናዋ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። በአቦ ቀን ብረት መፍታቴን፣ ቅዳሴ ሄድኩ ማለቴን፣ ባሌን በሰው ፊት መናቄን ለመምሬ አካሉ ሁሉንም ተናዝዣለሁ። ያቺን አንዲት ውሸት ግን እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም፤ ለአልታዬም።